አባባ፣ ያችን ወረቀት እንዳትፈርማት

አባባዬ፣ እግርህ እንዴት ሆነልህ? ትናንት በስልክ «ደህና ነኝ» ስትለኝ ድምፅህ አልመሰለኝም፣ ለዚያ ነው የምጽፍልህ። እታባ ታንብብልህ፣ ግን እየዘለለች እንዳይሆን።

የገጨህ ተሳቢ መኪና ባለቤት ሽማግሌ ልኮ 15 ሺህ ብርና «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የምትል ወረቀት መጣች አሉ። እባክህ እንዳትፈርማት። ያ ብር እግርህ ውስጥ የገባውን ብረት እንኳ አይሸፍንም፤ ብረቱ ይውጣ የተባለ ቀንስ?

ሹፌሩ እንዳሳዘነህ አውቃለሁ። ብርቱካን ይዞ መጥቶ ሲያለቅስ እኔም አንጀቴን በልቶታል። ይቅር ብለኸዋል፣ ደግ አደረግህ። ካሳውን የምንጠይቀው ግን ከእሱ ኪስ አይደለም። ተሳቢው በአዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ለሚጎዳው ሰው የሚከፍለውን ኢንሹራንስ፣ ሳይገባ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ መድኑ የሚከፍለው ጣሪያ ስላለው ከዚያ የሚያልፈው ባለመኪናው ላይ ነው። ጠበቃዋ እንዳስረዳችኝ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ባለመኪናው ራሱ ባይነዳም፣ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የተጎጂው ጥፋት ካለበት ግን ካሳው ይቀንሳል። ታዲያ አንተ ከአስፋልቱ ወጥተህ ባጃጅ ስትጠብቅ ነው ወደ ኋላ መጥቶ የገጨህ፣ ምን ሆነህ ነው ቀፊራ ገበያ ላይ ላገኘኸው ሁሉ «እኔም አላየሁት» የምትለው? ኧረ አቦ!

ሌላው ጊዜው ነው። በዚያው ሕግ ቁጥር 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ እኛ 1 ዓመት ከ5 ወር ጨርሰናል። ሽማግሌዎቹ በየወሩ «ትንሽ ታገሱ» ሲሉን ቆይተው አሁን ወረቀት ይዘው መምጣታቸው አይገርምህም?

ትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላን፣ የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ኮፒ እኔ አወጣለሁ። የሜዲካል ቦርዱ ቀጠሮ ግን እንዳያልፍህ፣ እግርህ ምን ያህል እንደተጎዳ በፐርሰንት የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ደረሰኞቹንም የጫት ፌስታል ውስጥ ጠቅልለህ አልጋ ስር እንዳስቀመጥካቸው እታባ ነግራኛለች፤ አንዷም እንዳትጣል፣ የባጃጇም ብትሆን።

ጠበቃዋ «ጡረተኛ ናቸው፣ ምን ገቢ ቀረባቸው?» ይሉናል ብላለች። እኔ ደግሞ የእግር ሲንጀር የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ፔዳሉን ሳይረግጥ እንዴት ይሞክረዋል አልኳት፣ ሳቀችና ጻፈችው። ደንበኞችህን ለምስክርነት እንፈልጋቸዋለን፣ እስቲ ስማቸውን አስጽፍልኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ቀድመውኝ ከመጡ ቡና አፍሉላቸው፣ ብዕር ግን አትቀበላቸው።