ከስብከቱ የተረፈው ሰዓት ለማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሃይማኖት ሚዲያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። የሰባኪዎቹ ንትርክ ብዙ ቦታ ወስዷል። አድማጩ ግን ተረስቷል። የነገረ መለኮት ተቋሞቻችን የብሮድካስት ክፍል ይክፈቱ መባሉን እደግፋለሁ። ብቻ ከመክፈታቸው በፊት የቀደሙትን ቢያዩ ጥሩ ነው።

አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሎዮላ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ማኅበር ነው የያዘው፤ እኛ አገር ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ስማቸው የሚነሣው። ደብልዩ ደብልዩ ኤል የተባለውን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1922 ጀመሩ። የመጀመሪያው ስርጭት የፒያኖ ጨዋታና ለሕንፃ ማሠሪያ የሚሆን የገንዘብ ልመና ነበር። (ልመናውስ እኛም ጋ አልቀረም!) ጣቢያው አድጎ 50 ሺህ ዋት ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ለከባድ መኪና ሾፌሮች የሌሊት ፕሮግራም ነበረው። አስቡት፣ የካህናት ጣቢያ ሾፌር ሲያጫውት ያድራል! ዩኒቨርሲቲው ሬዲዮውን የሸጠው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የደሴ መንገድ እኛን አቋርጦ ነው ወደ ጣርማ በር የሚሄደው። ጭጋጉን፣ ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት የነዳ ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት ሾፌሩን የሚያነቃ፣ የመንገዱን ሁኔታ የሚነግር ድምፅ ቢኖር ሃይማኖታዊ ሥራ አይባልም? ለእኔ ይባላል። የመንዝ ገበሬም ስለ ውርጭና ስለ በግ በሽታ የሚነግረው ይፈልጋል።

ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ፣ ከስርጭቱ 30 በመቶውን ለወንጌል፣ 70 በመቶውን ለትምህርት፣ ለዜናና ለመሳሰለው ነበር የመደበው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ያቺ ስሌት ግን ዛሬም ትሠራለች። አዲስ የሚከፈተው ክፍል ተማሪዎቹን መጀመሪያ በ70ው ላይ ይፈትናቸው። መስበኩንማ ማን ያጣዋል?

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በብሥራተ ወንጌል የሠሩ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ፈልጋችሁ አነጋግሯቸው። ገበሬው ምን ይጠይቃቸው እንደነበር፣ 30 ለ70ውን በየቀኑ እንዴት እንደጠበቁት ይንገሩን።

አንድ አንባቢ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ