ሌሊት የሚነሳ ስልክ፦ ለደብረ ብርሃን ተማሪዎች የድጋፍ ጥሪ

የምንጠይቀው 550,000 ብር ነው። 100,000 ብሩ ለመነሻ ይውላል፤ 450,000 ብሩ ለአንድ የትምህርት ዘመን፣ ማለትም ለ10 ወር ሥራ ማስኬጃ ነው። ሲካፈል አንድ ሌሊት 1,500 ብር ይፈጃል። በዚህ ገንዘብ ደብረ ብርሃን ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ስልክ የሚያነሱና በእግሩ የመጣውን፣ የጨነቀውን ወይም ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስበውን ተማሪ የሚያነጋግሩ ሁለት የሠለጠኑ አድማጮች ይኖራሉ። አንድ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስም ቤቱ ሆኖ ጥሪያቸውን ይጠብቃል። ጥሪውን የምናቀርበው በከተማው የምንኖር የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች፣ የሥነ ልቦና መምህራንና የዕድር ሰዎች ነን።

የምክር ቢሮ እንደማንኛውም ቢሮ 11፡30 ላይ ይዘጋል። የሚከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለፈተና ብሎ ሁለት ሦስት ሌሊት ያልተኛ፣ እንቅልፉን ለማባረር የቃመ፣ በላዩ ጨብሲ የደረበ ልጅ ሐሳቡ የሚጠቁርበት እኩለ ሌሊት ካለፈ ነው። የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት የሚለጠፍበት ሳምንት፣ የመውጫ ፈተና የሚቃረብበት ወር (ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያልተጨነቀበት ተመራቂ ያለ አይመስለንም)፣ ከቤት ክፉ ወሬ የተደወለበት ምሽት፣ እነዚህ ሁሉ አስቀድመው የሚታወቁ ናቸው። ዶርም ውስጥ ደግሞ አልጋ በአልጋ ላይ ነው፤ ስልክ ያለው ልጅ እንኳ ድምፁን አውጥቶ የሚያወራበት ጥግ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ እንደሚያሳየው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ የሚሞላው በዚሁ ዕድሜ ባሉ ልጆች ነው።

ስልኩ እንዴት እንደሚሠራ እንናገር። ባለ አዝራር ሁለት ተራ ስልኮች አሉ፤ ቻርጅ ይይዛሉ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራሉ። ተማሪው ካርድ ስለማይኖረው ሚስኮል ያደርጋል ወይም «ደውሉልኝ» የሚል መልእክት ይልካል፤ እኛ በ5 ደቂቃ ውስጥ መልሰን እንደውላለን። ዶርም ሆኖ ማውራት ለማይችል አጭር ጽሑፍ ይበቃዋል። ለቴሌግራም አንድ ስማርት ስልክ ይኖራል፤ ሆኖም ዋናውን ሥራ በእሱ ላይ አንጥልም፤ ኔትወርክ በጠፋበት ሌሊት አብሮ የሚጠፋ አገልግሎት ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

አድማጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስምና ዲፓርትመንት አይደለም። «አሁን የት ነህ? አጠገብህ ሰው አለ?» ይላል፤ መስመሩ ቢቋረጥ ማንን ወዴት እንደምንልክ የምናውቀው በዚህ ነው። ከዚያ ዝም ብሎ ይሰማል። ቀጥሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል፦ «ሕይወትህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ «ያላሰበውን እናሳስበው ይሆን?» ይላል። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ እንዲያውም ልጁ የያዘውን ሸክም በስሙ የሚጠራለት ሰው ሲያገኝ ትንፋሽ ያገኛል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድ አለው፣ ጊዜ ቆርጧል ወይ፣ ራሱን የሚጎዳበት ነገር አጠገቡ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ዕቅድና ጊዜ ያለው ልጅ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አይተውም፦ አንዱ አድማጭ መስመሩን ይዞ ይቆያል፣ ሌላው በሁለተኛው ስልክ ነርሱንና ፕሮክተሩን (የዶርም ተቆጣጣሪውን) ይጠራል፤ የሚያስፈራው ነገር ከክፍሉ ይወጣል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ስልክ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የሚያበላሹ ንግግሮችም አሉ። «ሰይጣን ነው፣ አማትብና ተኛ»፣ «ወንድ አይደለህ?» የሚሉት ግልጽ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን በመልካም ልብ የሚነገረው «እናትህን አስብ» የሚለው ነው። በሬ ተሽጦለት የመጣ፣ ዲስሚስ የመደረጉን ወረቀት ኪሱ የያዘ ልጅ ከእናቱ ሌላ ምንም ሲያስብ አላመሸም፤ የከበደውም እሱ ነው። ሥልጠናችን ላይ ረጅሙን ሰዓት የምንወስደው እንዲህ ያለውን አፍ ማስተው ላይ ነው።

ሌላው ሌሊት ላይ የሚያሳስት ነገር የአካል ሕመም ነው። «አበደ» ተብሎ የመጣ ተማሪ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ አይታሰብም፤ ግን ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ቆላ ቤተሰብ ጠይቆ የተመለሰ ልጅ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዞት ሊቃዥ ይችላል፤ ጭንቅላት የወጣች ወባ ናት። ማጅራት ገትርም እንዲሁ ያስቀባጥራል። ኢንሱሊን የሚወስድ ተማሪ እራት ሳይበላ ቢቀር ስኳሩ ወርዶ ይደባደባል፣ ይሳደባል፤ ሰካራም ይመስላል። ስለዚህ ጣቢያው ቴርሞሜትርና የስኳር መለኪያ ይኖረዋል። ትኩሳት ያለው፣ አንገቱ የደረቀ፣ ቀኑንና ቦታውን የማያውቅ ሰው ከእኛ ጋር ለወሬ አይቀመጥም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ) ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ባጀቱ ውስጥ በየወሩ ይደጋገማል። በደረት ውጋትና በትንፋሽ ማጠር የመጣም መጀመሪያ በክሊኒክ ይታያል፤ «ጭንቀት ነው» የሚባለው ልቡና ሳንባው ከታየ በኋላ ነው።

የተረበሸ ልጅ ሲገጥም ግርግር ያባብሰዋል። ሁለት የሚያምናቸው ጓደኞች ብቻ ይቀራሉ፣ ሌላው ይበተናል፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ይቆማል፣ ገመድ አይነሳም። መድኃኒት እኛ አንሰጥም። ሆስፒታል ደርሶ የማረጋጊያ መርፌ ተወግቶ የተመለሰ ልጅ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊተሳሰር ይችላል፤ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ይታያል። የዶርም ጓደኞች ይህን ሲያዩ «መንፈሱ ጮኸ» ብለው መድኃኒቱን ይጥሉታል። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ ሆስፒታል ቢመለስ ማርከሻ ተሰጥቶት በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልክ ቢያነሳ ብቻ ስንት ልጅ ሕክምናውን ሳያቋርጥ ይቀር ነበር።

ስለ ጠበል ለሚጠይቁን፦ አንከለክልም፤ መከልከልም የሚሠራ ነገር አይደለም። ሸንኮራ ዮሐንስም ጻድቃኔ ማርያምም ባሉበት አገር ተማሪውን «ወይ ጠበል ወይ ሐኪም» ብሎ ማስመረጥ ከሁለቱም ማጣት ነው። የምንለምነው መድኃኒቱ አብሮት እንዲሄድ ነው። በጾም ቀን የሚውጥበትን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ነርሱን ጠይቆ ይሂድ። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች ለውጥ የሚያሳዩት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይተው ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብሎ በአምስተኛው ቀን መተው የተለመደ ነው። ካህናቱ ይህን ሲናገሩ ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ፤ ስለዚህ በሥልጠናው ላይ ሁለት ወንበር ለእነሱ ተይዟል።

እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ጠዋት ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተደገፈ ልጅ ሲነጋ ይተኛል፣ ክፍል አይሄድም፣ ተረኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ቀን የሚሠራው አማካሪ ደግሞ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። እኛ 12፡30 ላይ በተማሪው ፈቃድ ጉዳዩን ለቀኑ አማካሪ እናስረክባለን፤ ፈቃድ ካልሰጠ ራሳችን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ እንደውልለታለን። አጭር ጥሪ ነው፣ «እንዴት አደርክ» ከማለት ብዙም አይዘልም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና የተካሄደ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ሆስፒታል የደረሰን ሰው አንድ ሰዓት አነጋግሮ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ ማግኘት ብቻ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከእኛ አገር አቅም ጋር የሚሄድ፣ ዋጋው ከሁሉም የቀለለ መንገድ ይህ ነው።

መዝገቡ ስም አይይዝም፤ ቁጥር ነው። የስምና የቁጥር ማገናኛው ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ቁልፉ ያለው ተጠሪው ነርስ ዘንድ ብቻ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ግዴታም ነው። ለዲፓርትመንትም፣ ለቤተሰብም፣ ለማንም አንናገርም። አንድ ልዩነት አለ፦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ለሚያድነው ሰው እንናገራለን፤ ይህንንም ተማሪው ገና በመጀመሪያው ጥሪ ይሰማዋል።

አድማጮቹ 24 ናቸው፣ ግማሾቹ ሴቶች። በየሌሊቱ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ስለሚመደቡ አንድ ሰው በወር ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ብቻ ይደርሰዋል። ይህ ለምቾት ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያዳምጥ ሰው በሁለተኛው ወር መልሱ እያጠረ፣ ቀልቡ እየራቀ ይመጣል። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና ሲዳምኛ የሚናገሩትን እየፈለግን ነው። ሰው ሲያለቅስ በአፍ መፍቻው ነውና ተረኛው ቋንቋውን ባይችል ከሚችለው ጋር መስመር ያገናኘዋል።

ወጪው በወር እንዲህ ነው። ሁለት ክፍል ኪራይ 7,000 ብር፤ የአድማጮች አበል ለአንድ ሰው በሌሊት 250፣ በወር 15,000፤ የተጠሪው ነርስ በሌሊት 400፣ በወር 12,000፤ የስልክ ካርድ 2,500፤ ሻይ፣ ዳቦ፣ መብራትና ውሃ 2,500፤ ለትራንስፖርት፣ ለስትሪፕና ድሀ ተማሪ ለታዘዘለት መድኃኒት 6,000። ድምሩ 45,000 ብር። ትራንስፖርቱ ለምን በዛ ለምትሉ፦ ሌሊት ባጃጅ ዋጋው ሌላ ነው፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ ከነጭራሹ አይገኝም፤ ስለዚህ ፈቃድ ካለው አንድ መኪና ጋር በወር ተዋውለናል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ሌላ ወሊድ ላይ ከሆነ ግን የምንጠብቀው ጊዜ የለም።

የመነሻው 100,000 ብር ደግሞ፦ የ5 ቀን ሥልጠና ምሳና ሻይ ለ24 ሰው 36,000፣ የሁለት አሠልጣኞች አበል 15,000፣ ሁለቱ ተራ ስልኮች 5,000፣ ስማርት ስልኩ 15,000፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን 9,000፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 4,000፣ የፀሐይ መብራትና ፓወር ባንክ 6,000፣ መለኪያዎች፣ አግዳሚ ወንበርና የበር ጥገና 10,000።

ገንዘቡ ካልሞላ ሌሊቱን እንቀንሳለን እንጂ ነርሱን አንቀንስም። ከጀርባው ባለሙያ የሌለው አድማጭ ለተማሪውም ለራሱም አደጋ ነው። በግማሽ ገንዘብ የሚከፈተው የፈተናና የውጤት ሳምንታት ላይ ብቻ ይሆናል።

የባንክ ሒሳቡ ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ሳይፈርሙ አይንቀሳቀስም። ቁጥሩን እዚህ ያላወጣነው የድጋፍ ጥሪ እየቀዱ የሒሳብ ቁጥር ብቻ የሚለውጡ ስላሉ ነው፤ ከዕድራችሁ ጸሐፊ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ተቀበሉ። በእጅ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው አልላክንም። ገቢና ወጪው በየወሩ በዕድሮቹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከጥሪዎቹ የሚለጠፈው ብዛታቸው ብቻ ነው።

በዓይነት ለምትረዱ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በለሊት ልብስ ሮጦ የሚመጣ ልጅ አለና 6 ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና፣ 2 ፍራሽ፣ 1 ትልቅ ፔርሙዝ። ባናው አዲስ ባይሆንም ግድ የለም፤ ታጥቦ በፀሐይ ደርቆ ይምጣልን። መድኃኒት ግን፣ ከቤት የተረፈም ቢሆን፣ አታምጡ፤ አንቀበልም።