አያቷ የታለች?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሰሞን ለትንንሽ ልጆች ይነበቡ ብላችሁ የጠቆማችኋቸውን የሥዕል መጻሕፍት አንድ በአንድ ፈልጌ አየኋቸው። ሥዕላቸው ያምራል። ታሪካቸውም ደስ ይላል። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በሁሉም ቤት ውስጥ አንድ አባት፣ አንዲት እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉ። ጥንቸሎቹም እንደዚያው ናቸው። ድቦቹም እንደዚያው። ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም። ወላጆች ዓምዳችሁን አምነው መጽሐፍ እንደሚገዙ ስለማውቅ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። የማስተምረው የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን ነው። በየጠዋቱ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጥና አንድ መጽሐፍ እናነባለን። ከእነዚያ ሁሉ ጠዋቶች አንዱ አይረሳኝም።

የድቦች ታሪክ ነበር። አባት ድብ፣ እናት ድብ፣ ትንሿ ድብ። እራታቸውን በልተው ሊተኙ ሲሉ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ አያቷ የታለች?" አለችኝ። ይህችን ልጅ የምታሳድጋት አያቷ ናት። ለእሷ ያ የድቦች ቤት ሰው ጎድሎታል። ታዲያ ማታ ማን ብርድ ልብስ ያለብሳታል? ጥያቄዋ ይኸው ነበር። እኔ ግን ሳላስበው "እዚህ ያሉት ቤተሰቦቿ ብቻ ናቸው" ብዬ ገጹን ገለጥኩ። ልጅቷ ዝም አለች። ታሪኩ እስኪያልቅ ድረስ ቀና ብላ ሥዕሉን አላየችም። የምንጣፉን ክር ስትነጭ ቆየች።

ያ መልሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ክፉ ቃል አልወጣኝም። ግን በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የልጅቷን አያት ከቤተሰብ አወጣኋት።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ሥዕሉን ነው። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ እየሆነ ስለሚወጣ ነው ቁጥሩ እዚያ ላይ የረጋው። በዚህች ቦታ ጽሑፉ ብዙ ማውራት አይችልም። ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ የሚነግረን ሥዕሉ ነው። በር ላይ የተደረደሩት ጫማዎች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ፣ ብርጭቆ ውስጥ የቆሙት የጥርስ ብሩሾች። እኛ ትልልቆቹ ጽሑፉን ተከትለን እናልፋለን። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ግን ብሩሾቹን ይቆጥራል።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ስለ ጠፋች ድመት የሚተርክ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ጽሑፉ ስለ ቤተሰብ ምንም አይልም። ድመቷን የሚፈልጓት አንድ ልጅና አያቱ ናቸው፤ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ አለ። ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ብሩሾች አሉ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ያቺ ልጅ ያንን ገጽ ገና ሳላነበው አየችው። "እንደ እኛ ቤት!" ብላ ጮኸች። ጓደኞቿ ዞር ብለው አዩዋትና ወደ ድመቷ ተመለሱ። ያስጨነቃቸው ድመቷ ትገኝ ይሆን ወይ የሚለው ነበር።

እኔ የምመኘው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው። የተለያዩ ቤተሰቦችን እናሳይ ብለው የሚነሱ ብዙ መጻሕፍት ግን በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ልጅቷ አባት የላትም። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ይስቅባታል። ታለቅሳለች። ከዚያ መምህሯ ተነስታ "ቤተሰብ ብዙ ዓይነት ነው" ብላ ታስረዳለች፤ ሁሉም ይተቃቀፋሉ። ደራሲው ደግ ልብ አለው፣ አልጠራጠርም። ነገር ግን ከእናቷ ጋር ብቻዋን የምትኖር የአራት ዓመት ልጅ ይህን መጽሐፍ ስትሰማ ምን ትማራለች? እስከ ትናንት ድረስ ቤቷ ቤት ነበር። ዛሬ የሚሳቅበት ነገር መሆኑን ሰማች። ገጽ 28 ላይ ያለው ማጽናኛ ገጽ 9 ላይ ያለውን ሳቅ አያጠፋውም። ምንጣፉ ላይ ሆኜ ፊታቸውን አይቻለሁና ይህን በድፍረት እናገራለሁ።

ሌላም ዓይነት አለ። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ ቤተሰብ እያሳየ የሚሄድ፤ እዚህ አንዲት እናት፣ እዚያ ሁለት አባቶች፣ ቀጥሎ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር። እነዚህን እወዳቸዋለሁ፤ በተለይ ልጆቹ እርስ በርስ በማይተዋወቁበት በትምህርት መጀመሪያ ሰሞን። ልጆቹ "እኔ ይቺኛዋ ነኝ" እያሉ በጣታቸው ይጠቁማሉ። ግን በእነሱ ብቻ መቅረት የለብንም። አንድ ልጅ ሁልጊዜ የምሳሌ ገጽ ላይ ብቻ ከታየ፣ ድመት የመፈለጉ ተራ መቼ ይደርሰዋል?

ስለ እንጀራ እናት ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ቃሉ ራሱ ልጅን ያስፈራል። አንድ ተማሪዬ አባቱ እንደገና ካገባ በኋላ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ አዲሷ የአባቱ ሚስት ፖም ብትሰጠው ይብላ አይብላ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን እንደሰማ ወዲያው ገባኝ፤ ክፉ ንግሥት የእንጀራ ልጇን ስኖው ዋይትን በተመረዘ ፖም ልትገድል የምትሞክርበትን የአውሮፓ ተረት ነው። የሚገርመው፣ የስኖው ዋይት ታሪክ በ1812 (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች በግሪም ወንድማማቾች መጽሐፍ መጀመሪያ ሲታተም ክፉዋ ንግሥት የገዛ እናቷ ነበረች። በ1819 ሁለተኛው እትም ላይ ነው ወደ እንጀራ እናትነት የቀየሯት። በሌላው ተረታቸው ጫካ ውስጥ የተጣሉት ወንድምና እህት፣ የሃንዘልና ግሬተልም እናት በ1840 እትም እንጀራ እናት ሆነች። እናት እንዲህ ስትጨክን ማሳየት ስለከበዳቸው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የእናትን ክብር ለማዳን ሲባል ጭካኔው ሁሉ ወደ ሌላዋ ሴት ዞረ። ይኸው 200 ዓመት አልፎ፣ ምንም ያላጠፋች ሴት በሰጠችው ፖም አንድ ልጅ ይሰጋል። ተረቱ ይጥፋ አልልም። ከጎኑ ግን የጫማ ክር ማሰር የምታስተምር፣ አንዳንዴ የምትቆጣ፣ አንዳንዴ የምትስቅ እንጀራ እናት ያለችበት መጽሐፍ እፈልጋለሁ።

የጉዲፈቻ ታሪኮች ላይም የምለው አለኝ። አብዛኞቹ ልጁ አዲሱ ቤት የገባ ዕለት ያበቃሉ። ፊኛ ይሰቀላል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ አለቀ። ለልጁ ግን ያን ዕለት ነው የሚጀምረው። የሚቀጥለውን ማክሰኞ የሚያሳየኝ መጽሐፍ የታለ?

ሁለት እናቶች ወይም ሁለት አባቶች ስላሏቸው ልጆች ሲነሳ ደግሞ ክርክሩ ይጋጋላል። በ1981 ዴንማርክ ውስጥ፣ ከአባቷና ከአባቷ የወንድ ፍቅረኛ ጋር የምትኖር ልጅ የሚያሳይ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ታትሞ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ብሪታኒያ ሲገባ ጋዜጦችና ፖለቲከኞች ተነሱበት። በ1988 የአካባቢ መስተዳድሮች የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን እንዳያስተዋውቁ የሚከለክል ሕግ ወጣ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የተሻረው በ2003 ነው። ሕጉ ሲወጣ አራት ዓመቱ የነበረ ልጅ፣ ሲሻር 19 ዓመቱ ሆኖ ነበር። አንባቢዎቻችሁ በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ እንደሌላቸው አውቃለሁ። እኔ የማወራው ምንጣፉ ላይ ስለተቀመጠው ልጅ ነው። ቤቱን መርጦ አልተወለደበትም። ጠዋት ፀጉሩን አበጥረው የላኩት ሰዎች ሥዕል ውስጥ ሲታዩ ደስ ይለዋል። ያን ደስታ የምነፍግበት ምክንያት የለኝም።

"ልጆቹ ግራ አይጋቡም ወይ?" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ቅን ጥያቄ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጆች አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፣ አጭር መልስ ይበቃቸዋል፣ ከዚያ ወደ ድመቷ ይመለሳሉ። አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 መጻሕፍትን ከመስኮትና ከመስታወት ጋር አመሳስላ ነበር፤ በመስታወቱ ልጁ የራሱን ሕይወት ያያል፣ በመስኮቱ የሌላውን። ከእናትና ከአባቱ ጋር የሚኖረው ልጅ መስታወት ሞልቶታል፤ መስኮት ግን አላገኘም። ጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ቤት ምን እንደሚመስል በምን ይወቅ?

በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 17 አገሮች የልጆች መጻሕፍት እንዲዘጋጁና እንዲሰራጩ እንዲያበረታቱ ይጠይቃል። እዚያው በአንቀጽ 20 ከወላጆቹ ተለይቶ ለሚያድግ ልጅ ስለሚሆኑ ቤቶች ያነሳል፤ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ በእስልምና ሕግ ያለውን ካፋላ (የሌላ ሰው ልጅን ተቀብሎ ማሳደግ)፣ ጉዲፈቻ። ሕግ አርቃቂዎች በስም የጠሯቸው ቤቶች ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ለምን ይታጣሉ?

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ መጻሕፍት ስትጠቁሙ ሥዕሉን ገልጣችሁ እዩልኝ። ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ በአንዲት መስመር ጻፉልን። ሠዓሊዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ የድቦቹን ቤት ከመሳላችሁ በፊት በር ላይ ስንት ጫማ እንደምታስቀምጡ አስቡበት።

የድቦቹን መጽሐፍ አልጣልኩትም። ልጆቹ ስለሚወዱት አሁንም አነባዋለሁ። በቅርቡ የመኝታው ገጽ ላይ ስደርስ ቆም አልኩና ያቺን ልጅ "አያቷ የት ያለች ይመስልሻል?" አልኳት። ጠጋ ብላ ሥዕሉን መረመረች። ከደረጃው በላይ የተዘጋ በር አለ፤ እኔ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። "እዚያ ተኝታለች" አለችኝ። "ቀስ ብለሽ አንብቢ።"

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት