ፓስወርድ ማርዘም ብቻውን አያድንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የቴክኖሎጂ ዓምደኛችሁ ረጅም ፓስወርድ ያለው ሰው ሐሳብ አይግባው ሲሉ አነበብኩ። አርዝሙ ማለታቸው ልክ ነው። ሐሳብ አይግባችሁ ያሉት ግን አልተዋጠልኝም። እንጀራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሱቄ ከሚመጡት ማሽኖች አብዛኞቹ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ተሰብሮ የተሰራጨ ፕሮግራም፣ የተጫነባቸው ናቸው።

ፓስወርዱን ስትጽፉት ፕሮግራሙ ሊጠቀምበት ስለሆነ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ራም (ሚሞሪ) ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ለጊዜው በሚይዝበት ቦታ፣ እንዳለ ይቀመጣል። ስድስት ፊደል ሆነ ሃያ፣ እዚያ ላይ ለውጥ የለውም።

አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ራም ያያል እንዴ? በራሱ አያይም። እያንዳንዱ የራሱ ቨርችዋል (ምናባዊ) አድራሻ አለው፤ የትኛው አድራሻ የትኛው የራም ቦታ ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቀው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ችግሩ፣ ከርነሉ ሲጠየቅ ከአንዱ ቀድቶ ለሌላው ይሰጣል። ዊንዶውስ ላይ ጥያቄው «ሪድ ፕሮሰስ ሜሞሪ» ይባላል። ሊኑክስ የተባለው ሌላው ኦፕሬቲንግ ሲስተምም የራሱ አለው። ነውር የለበትም፤ ፕሮግራመሮች ስህተት ፈልገው የሚያርሙት በዚሁ ነው።

የሰፈራችን ልጆች እንኳ ያውቁበታል። አንዱ ፊቴ ሠርቶ አሳይቶኛል። ጨዋታው ውስጥ 500 ብር ነበረው። በአንዲት መፈለጊያ ፕሮግራም የጨዋታውን ሚሞሪ ከፍቶ 500 የሚል ቁጥር አስፈለገ። መዓት ቦታ ተገኘ። ወደ ጨዋታው ተመልሶ ጥይት ገዛ፣ ብሩ 450 ሆነ። ከቅድሞቹ መካከል አሁን 450 የሆኑትን ብቻ አስቀረ። ሌላ ግዢ ሲጨምር አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ 999999 ጻፈበትና በአንዴ ዲታ ሆነ! እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከርነሉ ግን ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፣ ያ የሒሳብ ሠራተኛዋ ብራውዘር ነው ብሎ አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ታርጌት የተባሉት መደብሮች የተዘረፉት በዚህ መንገድ ነው። ሌቦቹ የካርዱን ቁጥር የለቀሙት ከካሸሮቹ ማሽን ራም ላይ ነበር። ወደ 40 ሚሊዮን ካርድ ሄደ።

ታዲያ ከርነሉ ለማን ይፈቅዳል? ዊንዶውስ ላይ በአንድ ተጠቃሚ ስም የሚሠሩ ፕሮግራሞች በአብዛኛው አንዱ የሌላውን ማንበብ ይችላል። አድሚን የሆነ፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው፣ ደግሞ የሲስተሙንም ይደርስበታል። ቤንጃሚን ዴልፒ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2011 ሚሚካትዝ የሚባል መሣሪያ ሠርቶ ይህንኑ አጋለጠ። ዊንዶውስ የተጠቃሚዎቹን ፓስወርድ መልሶ ሊፈታው በሚችል መልክ ሚሞሪ ውስጥ ይዞት ነበር። ከዊንዶውስ 8.1 ወዲህ ያ አሠራር ሳያበሩት አይሠራም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከዚያ ቀድሞ፣ ከ10.10 ዕትሙ ጀምሮ፣ አንድ ተራ ፕሮግራም ራሱ ያስነሳውን ካልሆነ የሌላውን እንዳያነብ ከልክሏል። እኔ ይሄ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ክራኩ ልምጣ። አብሮት የሚመጣው መመሪያ ምን ይላል? መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ። ቀጥሎ ራይት ክሊክ፣ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር»። ደንበኞቼ አንድም ሳያስቀሩ ይታዘዛሉ። ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ፕሮግራም የሁሉንም ሚሞሪ የማንበብ ፈቃድ ሰጡ ማለት ነው። አንድ ነጋዴ ደንበኛዬ «ፓስወርዴን ለሚስቴም አልነገርኩ» ብለው ምለውልኛል። አምናቸዋለሁ። ላፕቶፓቸው ላይ ግን እንዲህ የተጫኑ ሦስት ፕሮግራሞች ነበሩ።

ኦሪጅናሉን በዶላር ግዙ ብል ቀልድ እንደሚሆን አውቃለሁ። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አለ፣ ነጻ ነው። ለዘወትር ሥራ አድሚን ያልሆነ አካውንት ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ክራክ የግድ ነው የሚል ካለ፣ ቢያንስ ባንክ የሚከፍትበት ማሽን ላይ አይጫን። ዓምደኛችሁም በሚቀጥለው ስለዚህ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። ደንበኞቼ ከእኔ ይልቅ ጋዜጣ ያምናሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ