ቀዩ ቋጠሮ፦ የመንገድ ደኅንነት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ዓመት በፊሽካ ተጀመረ። አንፀባራቂ ሰደርያ የለበሱ አባሎቻችን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ተማሪ ያሻግሩ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፊሽካው ሥልጣን ሆነና ታናናሾችን ማመናጨቅ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት ሳይቀር ሰልፍ ማስያዝ መጣ። "ቁም! አትሩጥ!" እየተባለ የተሻገረ ልጅ ደግሞ ፊሽካ የሌለበት መንገድ ሲገጥመው ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ፊሽካዎቹን ሰብስቤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ። ሁለት አባላት አኩርፈው ወደ ሚኒ ሚዲያ ሄዱ፤ አንደኛው ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን መለካት ሆነ። የጀመርነው በማስመሪያ ነው። አንዱ ማስመሪያውን ከላይ ይዞ ሳያስጠነቅቅ ይለቀዋል፤ ሌላው ከታች ጣቶቹን ከፍቶ ይቀልባል። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የያዘ ሰው 0.2 ሰከንድ ፈጅቶበታል ማለት ነው። "ይሄማ ቀላል ነው" ያለ አንድ ጉረኛ ከጓደኛው ጋር እያወራ ሲሞክረው ማስመሪያው ወለሉ ላይ አረፈ። አሽከርካሪ ደግሞ ማስመሪያው መቼ እንደሚወድቅ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚወድቅም አያውቅም። ማየት፣ መለየት፣ መወሰን፣ እግሩን ወደ ፍሬን ማዞር አለበት። አንድ ሰከንድ ብንሰጠው አልበዛበትም።

ሒሳቡን የሠሩት ልጆቹ ናቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች አንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፍሬኑ ገና አልተነካም። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላም ሌላ 14 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ድምሩ 28። በሰዓት 30 የሚሄደው ግን ለሰከንዷ 8፣ ለፍሬኑ 5 ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ ድምሩ 13። ሰሌዳው ላይ ይህ ተራ ቁጥር ነበር። ገመድ ይዘን ሜዳ ወጣንና 13ኛው ሜትር ላይ ነጭ፣ 14ኛው ላይ ቀይ፣ 28ኛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ቋጠርንበት። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከነጩ ወደ ቀዩ ተራምዳ ቆመችና "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ያኛው ቆሟል፤ ይሄኛው ገና ፍሬን ሊይዝ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ወደ ሰማያዊው ቋጠሮ ቀና ብላ አየች። ዝናብ ሲጥልስ የሚል ጥያቄ ከኋላ መጣ፤ ሰማያዊውን ነቅለን አርቀን አሰርነው።

ሁለተኛው ትልቅ ቀን የአውቶቡሱ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ በኋላ ልጆቹን በተራ መሪው ላይ አስቀመጠልን። ከፊት፣ ከመኪናው አፍንጫ ሥር አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ አቆምን። መሪው ላይ የተቀመጠችው አባላችን "የታለ?" እያለች ተንጠራራች። ልጁ እጁን ቢያውለበልብም አልታያትም። ከአውቶቡስ ወርዶ በፊቱ መሻገር፣ በቆሙ መኪኖች መሃል ብቅ ማለት ለምን እንደሚያሰጋ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። "መኪናውን አይቼዋለሁ" ማለት "አይቶኛል" ማለት አይደለም።

"ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ" የሚለውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ለምን ግራ እንደሚቀድም ሲጠየቁ ግን ዝም አሉ። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር መጀመሪያ የምንገባበት ረድፍ የሚመጣብን ከግራ ስለሆነ ነው፤ በግራ በሚነዳበት አገር ይገለበጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ባለ ሁለት ረድፍ መንገድ ነው። አንዱ መኪና በደግነት ይቆምልናል፤ የቆመውም በጎኑ የሚያልፈውን ይሸፍንብናል። እሱን ያለፈ እግረኛ ቆም ብሎ አንገቱን አውጥቶ ማየት አለበት። ይህን ለመለማመድ ወንበሮችን መኪና አደረግን፤ የተረፈው ሳቅ ብዙ ነው፣ ትምህርቱ ግን ገብቷል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቀን ረፍዶብኝ ከዜብራው ርቄ ልሻገር ስል "ቲቸር፣ ዜብራው እኮ እዚያ ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አራተኛ ክፍል ነው። ተመለስኩ። በሳምንታዊ ስብሰባችን ራሴ አነሳሁት፤ ካላነሳሁትም ያነሱት ነበር።

በወላጆች ቀን አባላቱ የዓለም ጤና ድርጅትን የ2023 እ.ኤ.አ. ሪፖርት አቀረቡ። በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከአምስት አንዱ በላይ እግረኛ ነው። አዳራሹ ዝም ሲል ልጆቹ መብራት አጠፉና አንዱን በጥቁር ሹራብ፣ ሌላውን በአንፀባራቂ ሰደርያ አቁመው ከወላጆቹ ጀርባ ሆነው በባትሪ አበሩባቸው። ወላጆች አንዱን ብቻ ቆጠሩ።

ያልተሳካልን የበራችን ዜብራ ነው፤ ደብዝዟል። ብሪታንያ በ1951 እ.ኤ.አ. ጥቁርና ነጭ ጭረቱን በሕግ ያስገባችው የቀድሞው ምልክት ለአሽከርካሪ በደንብ ስለማይታይ መሆኑን ጠቅሰን ለሚመለከተው አካል ሁለት ጊዜ ጻፍን። መልስ አልመጣም። ሦስተኛው ደብዳቤ ረቂቁ ተዘጋጅቷል፤ የዘንድሮዋ ጸሐፊያችን ከቀደሙት የተሻለ ቁጡ ብዕር አላት።

ገመዱ ስፖርት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከመረብ ኳሱ መረብ ጎን ተጠቅልሏል። ቀዩ ቋጠሮ ስለላላ ትምህርት ሲከፈት እንደገና መለካት አለበት።