ለደንበኞቻችን፦ ሲስተሙን ከአክሰስ ወደ ሊብሬኦፊስ ያዛወርንበት ምክንያት

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

የሽያጭና የዱቤ መዝገባችሁን የሚይዘውን ፕሮግራም ከአክሰስ (ከማይክሮሶፍት ኦፊስ የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም) ወደ ሊብሬኦፊስ (ወደ ነፃ የቢሮ ፕሮግራሞች ስብስብ) ካዛወርን ወዲህ ስልካችን ዕረፍት የለውም። «የለመድነውን አበላሻችሁብን» ያለን አለ፤ «ነፃ ነገር ጭናችሁ በየወሩ ታስከፍሉናላችሁ» ያለንም አለ። ሥራችሁ ለተስተጓጎለባችሁ፣ ይልቁንም የባለዕዳ ስም ተዘበራርቆ ለወጣባችሁ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለተኛው ቃል ግን እውነቱን ለመናገር ከንክኖኛል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

የድሮውን ፕሮግራም ከእኔ በላይ የሚወደው የለም። አክሰስ ላይ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው፤ መጀመሪያ ለአንድ የመርካቶ መለዋወጫ ሱቅ፣ የዱቤ ደብተሩን እንዲተካለት። ከዚያ ፋርማሲውም የሕንፃ መሣሪያ ሻጩም እየሰማ መጣ። ብዙዎቻችሁ ያኔ የመጣችሁ ናችሁ፤ ይህን ቤት ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ለምን ተውነው? አክሰስ መረጃውን የሚይዘው በአንድ ፋይል ነው፤ ያም ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ሁለት ሦስት ገንዘብ ተቀባዮች በኔትወርክ ያንኑ ፋይል ከፍተው ሲሠሩ መብራት ድንገት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ማታ ማታ እየተጠራን ስንጠግን የኖርነው ይህንኑ ነው፤ ለዚያም የተለየ ክፍያ ጠይቀናችሁ አናውቅም። አሁን መረጃው የሚቀመጠው ማሪያዲቢ በሚባል ዳታቤዝ ሰርቨር (መረጃውን ለሁሉም ገንዘብ ተቀባዮች በሚያስተናግድ ፕሮግራም) ላይ ሲሆን፣ ከሊብሬኦፊስ ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ቤዝ ፎርሙንና ሪፖርቱን ብቻ ያቀርብላችኋል። መብራት ቢጠፋ ያላለቀችው ሽያጭ ሳትመዘገብ ትቀራለች እንጂ የተመዘገበው በቦታው ነው። ቤዝ መረጃውን በራሱ ፋይል ውስጥም መያዝ ይችላል፤ ያንን ያልመረጥነው የድሮው ጣጣ እንዳይመለስብን ብለን ነው።

ሌላው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የዊንዶውስ 10፣ የኦፊስ 2016 እና የኦፊስ 2019 መደበኛ ድጋፍ በዚያው ዕለት አበቃ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ አይዘጋም፤ የደኅንነት ማሻሻያው ነው የሚቀረው። የአብዛኞቻችሁ ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። አዲስ ኮምፒውተር ከነላይሰንሱ ግዙ ልበላችሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ፤ የላይሰንሱም ዋጋ የሚሰላው በዶላር ነው። (በየሱቁ የተጫነው ኦፊስ ከየት እንደመጣ አላነሳም፤ እናንተም እኔም እናውቀዋለን።) ሊብሬኦፊስ በዊንዶውስ ምትክ በሚጫነው በነፃው ሊኑክስ ላይም ስለሚሠራ ያ አሮጌ ማሽን ገና ያገለግላችኋል። «ነፃው የአክሰስ ራንታይም አለ አይደል?» (በአክሰስ የተሠራን ፕሮግራም ለማስኬድ ብቻ የሚያገለግለውን ማለታቸው ነው) ያሉን ደንበኛ ልክ ናቸው፤ እሱም ግን ያለ ዊንዶውስ አይሠራም።

ወደ ክፍያው ልምጣ። ሊብሬኦፊስ አያስከፍልም፣ እውነት ነው። ከአክሰስ በቀላሉ የሚሻገረው ግን ሠንጠረዡ ብቻ ነው። ፎርሙም፣ ሪፖርቱም፣ በቪቢኤ (በኦፊስ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈው ማክሮም፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚያከናውነው ትእዛዝ፣ እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ ጳጉሜን የሚያውቀው የቀን መቀየሪያ ሳይቀር። ከሁሉ ያስቸገረን የሰው ስም ነበር። የቆየው መረጃችሁ የተጻፈው በዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተር ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ኮድ) ሳይሆን በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮ የአማርኛ መጻፊያ) ነው፤ ፎንቱ ሲነሳ የሚቀረው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። አንዳንድ ስም የተዛባው እሱን ስንገለብጥ ነው፤ አንድ በአንድ እያረምን ነው። አሁን «ኃይሉ» ብላችሁም «ሀይሉ» ብላችሁም ብትፈልጉ ያው ሰው ይመጣል፤ ድሮ ሁለት ባለዕዳ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ይህን ሁሉ ስንሠራ ኪራዩም ደሞዙም ጨምሮብናል፤ የእናንተን ወርኃዊ ክፍያ ግን አልነካንም። ነገ ከእኛ ብትለዩ እንኳ መረጃችሁን ማንም የዳታቤዝ ባለሙያ ይከፍተዋል። ደንበኛ ፋይሉ ተይዞበት እንዲቆይልኝ አልፈልግም።

የድሮው ፕሮግራም የዓመቱን ሒሳብ እስክትዘጉ፣ እስከ ሰኔ 30፣ ለማመሳከሪያ ብቻ በኮምፒውተራችሁ ላይ ይቆያል። ቁልፎቹ ቦታ ለቀየሩበት ገንዘብ ተቀባይም ሰው ልከን ያለ ክፍያ እናሳያለን። ወደ ሌላ ድርጅት ለመሄድ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እባካችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የዱቤ ሪፖርት አብረን እናውጣና ከደብተራችሁ ጋር እናስተያየው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት