ማሲንቆው ያለፈበት ሣጥን ጌጥ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ሙዚቃ ስቱዲዮዎች በወጣ ጽሑፍ፣ ሪቨርቡም (ለድምፅ የክፍል ማስተጋባት የሚሰጠው) ኮምፕሬሰሩም (የሚጮኸውን ዝቅ አድርጎ የድምፅን ከፍታ የሚያቀራርበው) በፕላግኢን፣ ማለትም በተጨማሪ ሶፍትዌር መልክ ኮምፒውተር ውስጥ በሚገኝበት በዚህ ዘመን፣ ከኮምፒውተር ውጭ የሚቀመጡ የኢፌክት መሣሪያዎች ለእንግዳ ማሳያ የሚሆኑ ጌጦች ብቻ መሆናቸው ተገልጿል። በድምፅ ቀረጻና በሚክሲንግ (የተቀረጹ ድምፆችን አመዛዝኖ በማዋሐድ) ሥራ የምተዳደር ሰው በመሆኔ፣ የአባባሉን ግማሽ እውነትነት ሳልክድ፣ ስለ ቀሪው ግማሽ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

እውነት የሆነውን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩትን ዝነኛ ኮምፕሬሰሮች አስመስለው የተሠሩ ፕላግኢኖች፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማቸው ከዋናዎቹ ለመለየት ብዙ ጊዜ ያቅተኛል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ኢኤምቲ 140 የተባለው ፕሌት ሪቨርብ ደግሞ በፍሬም ላይ የተወጠረ ትልቅ የብረት ሉህ ሲሆን በጣም ከባድ ነው። ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ ለሚሠራ ሰው ፕላግኢኑ ይሻለዋል፤ አከራዩም ሳይስማሙ አይቀሩም።

ይሁንና ባለፈው ክረምት አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ስቀርጽ ያየሁት ነገር ሐሳቤን አስለውጦኛል። የጫማ ካርቶን የምታክል፣ ውስጧ እውነተኛ የሽቦ ስፕሪንግ ያለባት ሪቨርብ አለችን። ተጫዋቹ መጀመሪያ የደረቀ፣ ማለትም ኢፌክት ያልገባበት ድምፁን ብቻ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ሲጫወት አመታቱ አጫጭርና የተጣደፈ ነበር። የማይክሮፎኑን ድምፅ በስፕሪንጓ አሳልፌ ስሰጠው ግን ሐረጉን እያስረዘመ መጣ፤ ቤት በደፋ ቁጥር ደጋኑን ከጭራው ላይ አንሥቶ፣ ድምፁ ስፕሪንጉ ውስጥ እስኪሞት ከጠበቀ በኋላ ነበር ቀጣዩን የሚጀምረው። ያንን ትዝታ ያቀዘቀዘው እኔ የሰጠሁት ትእዛዝ ሳይሆን ከሣጥኗ ተመልሶ የሚሰማው ድምፅ ነው። በፕላግኢን ይህን ማድረግ አይቻልም አልልም። ነገር ግን በሴኮንድ 48,000 የድምፅ ናሙና በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ በፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ሰብስቦ የሚያስተናግደው የናሙና ብዛት) 256 ከሆነ፣ ድምፁ ሲገባ 5.3፣ ሲወጣም 5.3 ሚሊ ሴኮንድ ይዘገያል፤ ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም ወደ ድምፅ የሚለውጡት መቀየሪያዎች ጊዜ ሲጨመር ከ11 ያልፋል። ጆሮው የሠላ ተጫዋች ይህን ሳያውቀው ከድምፁ ጋር መታገል ይጀምራል። በፈሩን ዝቅ ማድረግ መፍትሔ ነው፤ ያረጀ ኮምፒውተር ግን ትራኩ ሲበዛበት መንጣጣት ይጀምራል። ከኮምፒውተሩ በፊት ተሰክታ ድምፅዋ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው የሚሄድ ሣጥን ግን እንዲህ ያለውን መዘግየት አታመጣም።

መሣሪያዎቹን ጌጥ የሚያደርጋቸው እንግዲህ አያያዛችን ነው። የተቀረጸ ትራክን ከሶፍትዌሩ አውጥቶ በመሣሪያው አሳልፎ ለመመለስ፣ ሳውንድ ካርዱ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባውና የሚያስወጣው መሣሪያ) ለስፒከር ከሚያስፈልገው በላይ ትርፍ መውጫና መግቢያ ሊኖረው ይገባል። ሁለት መውጫ ብቻ ያለው ካርድ ይዘው ውድ ሪቨርብ ገዝተው፣ የት እንደሚሰካ ሲጠፋቸው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡ ወዳጆች አሉኝ። ጸሐፊው ያዩዋቸው ጌጦች ምናልባት እነዚህ ይሆናሉ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የመዘግየቱ ጉዳይ ነው። ሎጂክ፣ ኩቤስና ሪፐር በተባሉት የቀረጻ ሶፍትዌሮች ውስጥ ለውጭ መሣሪያ የተዘጋጀው ማስገቢያ አጭር የሙከራ ድምፅ ልኮ የመመለሻውን ጊዜ ይለካል፤ በኤብልተን ግን ቁጥሩን ሰው ራሱ ያስገባል። ሪቨርብ ደረቅ ድምፅ ሳይቀላቀልበት ለብቻው ሲመለስ ይህ ባይለካም ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ዘግይቶ የሚነሣ ሪቨርብ እንዲያውም ቃሉን ጥርት ያደርገዋል። ከበሮን በኮምፕሬሰር አሳልፎ ከዋናው ከበሮ ጋር መቀላቀል ግን ሌላ ነገር ነው። የተመለሰው ድምፅ 5 ሚሊ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ በ100፣ በ300፣ በ500 ኸርዝና እንዲህ እየቀጠለ ሁለቱ ድምፆች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ የከበሮው ሆድ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መሣሪያውን ይወቅሳል እንጂ የመዘግየቱን ቁጥር አያይም። በፈሩ በተቀየረ ቁጥርም ልኬቱ እንደገና መደረግ አለበት።

በገመድ ስለሚያልፈው ድምፅ የኤሌክትሪክ መጠን ባጭሩ፦ የስቱዲዮ መሣሪያ 1.23 ቮልት አካባቢ ሲጠብቅ የቤት ውስጥ መሣሪያ 0.32 ቮልት ገደማ ይጠብቃል፤ የጊታር ፔዳል ደግሞ ከዚህም ያነሰ ስለሚፈልግ በመሀል ድምፁን ለፔዳሉ በሚስማማ መጠን ዝቅ የሚያደርግ ሪአምፕ ቦክስ ያስፈልገዋል። ከኤሌክትሪኩ የሚመጣ የ50 ኸርዝ እምምታ ሲያስቸግራቸው የኤሌክትሪኩን ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን የደኅንነት ሽቦ) የሚያቋርጡ ባለሙያዎች ግን በሕይወታቸው እየቀለዱ ነው። መቋረጥ ካለበት የሚቋረጠው የድምፅ ገመዱ ነው፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ አይነካም።

የራሴን ጥፋትም ልናገር። አንዲት ድምፃዊት ዘፈኗን ጨርሳ ከሄደች ከሰባት ወር በኋላ፣ በሁለተኛው አንጓ ያለች አንዲት ቃል ልትለውጥ ተመልሳ መጣች። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ነገር እንደነበረ ከፈተው። ድምፅዋ ያለፈበት የውጭ ሪቨርብ ግን በመሀል ስንት ደንበኛ አስተናግዶ ቁልፎቹ ሁሉ ተዟዙረው ነበር፤ የተመለሰውን ድምፅም በጊዜው አልቀረጽኩትም። ግማሽ ቀን ቁልፍ ሳሽከረክር ውዬ የደረስኩበትን ባሰማት «ክፍሉ ተለወጠ» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ዘፈኑን እንደ አዲስ ሚክስ አደረግን፤ ለዚያም አላስከፈልኳትም።

ከዚያ ወዲህ ከውጭ መሣሪያ የሚመለስ ድምፅ ሁሉ በዕለቱ በራሱ ትራክ ይቀረጻል፤ ደረቁም ከጎኑ ይቀመጣል፤ የቁልፎቹ አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ይነሣል። ይህ ጊዜ ይበላል፤ አንድ ፕላግኢን በአሥር ትራክ ላይ ሲከፈት አንድ ሣጥን ግን በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንዱን ነው፤ የስድስት ደቂቃ ዘፈንም ስድስት ደቂቃ ሙሉ ይፈጃል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ከጠፋ ሀ ተብሎ ይጀመራል፤ ይህ ደርሶብኛል።

የማሲንቆው ሥራ በሁለት ትራክ ተቀምጧል፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ በስፕሪንጓ ያለፈ። አቀናባሪው ስፕሪንጉ በዛ ካሉ ደረቁን እንደምሰጣቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን አልጠየቁኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ